ሁለት ጠብታ ብቻ

ሰኔ 3፣ ሰኞ

አዲስ ደብተር። ያለፈው በእንጉርጉሮ ስላለቀ ይህን በምስጋና ልጀምረው ብያለሁ። ጤና አለኝ፤ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት አለኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ የምጽፈው አለኝ። ተመስገን።

ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰው ደብዳቤ ስተይብ ኖሬ፣ መሥሪያ ቤቱ በአንዲት ወረቀት ሲያሰናብተኝ፣ ስምንት ወር ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ ስል ከረምኩ። ኋላ ጋሼ መጣና፣ «አንቺ መጻፍ ታውቂያለሽ፣ እኔ የስፌት መኪና መጠገን አውቃለሁ። ሰው ደግሞ አሁን ሁሉን ነገር የሚፈልገው ከስልኩ ላይ ነው። ነይና ጻፊልን» አለኝ። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። እሱ ራሱ ብሎግ የሚባል ነገር አያነብም፤ የመርፌ ካርቶን ላይ ያለውን ቁጥር ካነበበ ይበቃዋል። ሆኖም ብሎጋችን «ከሦስተኛ ፎቅ» ይኸው አንድ ዓመት ከአራት ወሩ፣ አንድም ሐሙስ አላለፈውም። ሱቁን ያዳንኩት እኔ ነኝ ብዬ በሰው ፊት አላወራም። በገዛ ደብተሬ ላይ ግን ማን ይከለክለኛል።

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ስለ ሱቁ ልጻፍ፣ ሳረጅ እንዳልረሳው። መንገድ ዳር የነበረው ሲፈርስ ያገኘነው ይህን ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከኋላ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ቀጥሎ። ሰሌዳችንን ከመንገድ ማንም አያየውም። አሳንሰር የለም። የስፌት መኪና ተሸክሞ ሦስት ፎቅ የሚወጣ ሰው ሳያየን አምኖን መሆን አለበት፤ የሚያምነን ደግሞ በብሎጉ ነው። ብሎጉ ከቆመ ሱቁም ያው ነው።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይሠራል፣ ብሎኖቹን በከንፈሩ ይዞ። እኔ ከኋላው ተቀምጬ እጠይቃለሁ። አፉ ስለተያዘ በራሱ ይነቀንቅልኛል። ከአሥር ንቅናቄ አንድ ጽሑፍ ይወጣል።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

ስለ መርፌ መምረጥ ለጠፍኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የዘወትሯ ደረሰች። ይህን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ስሟን አላውቅም፣ የማውቀው ሌላ ከተማ ያለች ልብስ ሰፊ መሆኗን ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ ቀድማ የምትጽፈው እሷ ናት። «አነበብኩት። ይቅናችሁ።» ሁልጊዜ ይኸው። ይህቺን ቃል ካላየሁ ቁርሴ አይወርድልኝም።

ጋሼ እንደ ልማዱ ዘግይቶ ገባ። በሌላው ቀን ቀድሞኝ ነው የሚመጣው፤ ሐሙስ ሐሙስ ምን እንደሚያቆየው እንጃ። አውቶቡስ ነው ይላል።

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ክራባት ያሠረ ሰው መጣ። የሚጠገን የስፌት መኪና አልያዘም። ከልብስ ፋብሪካ ነው፤ ጋሼን የጥገና ኃላፊ አድርገው ሊወስዱት ይፈልጋሉ። እኔን ሲያይ ዝም አለና ጋሼን ወደ ኮሪደሩ ወሰደው። ጆሮዬን አቁሜ የሰማሁት «እስከ ነሐሴ መጨረሻ አስብበት» የሚለውን ብቻ ነው።

ጋሼ ተመልሶ ብሎኑን በከንፈሩ ያዘና ሥራውን ቀጠለ። ምን አሉህ ብለው፣ «ወሬ ነው» አለኝ። እሱ ፋብሪካ ከገባ ሱቁ ይዘጋል። ሱቁ ከተዘጋ እኔም ወደ መስኮቴ ነው። ስለዚህ የሰው እግር ማብዛት አለብኝ። ሌላ መላ የለኝም።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ጋሼ ትናንት ከከተማ ወጣ። አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ያሉ አርባ የስፌት መኪናዎችን ሊጠግን ነው፣ እስከ ሰኔ ሃያ አራት። ስልክ እዚያ አይሠራም።

ለነገ የተጻፈ ነገር የለኝም። ምንም። ለካ ያለ እሱ ጀርባ ባዶ ነኝ።

ማታ። አገኘሁ። ክሩ አልወጠር ያላቸው መኪናዎች ሲመጡለት የሚያደርገውን መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ከመደርደሪያው ያቺን አፈ ቀጭን የዘይት ጠርሙስ ያነሳል፤ ክሩን አንቀው በሚይዙት በሁለቱ ትንንሽ የብረት ክቦች መሀል ሁለት ጠብታ ያንጠባጥባል፤ በጨርቅ ሳብ ሳብ ያደርጋል። አለቀ። ክሩ ቀጥ ይላል። ይህን ለመጻፍ ጋሼን ምን አደርገዋለሁ፣ ዓይን አለኝ አይደል።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

ርዕሱ፦ «ክርሽ አልወጠር አለ? ሁለት ጠብታ ዘይት ብቻ።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። እስከ ምሳ ድረስ ያነበበው ሰው ያለፉት አራት ጽሑፎች ተደምረው ካገኙት ይበልጣል። ሰው ለሰው እየላከው ነው። የዘወትሯ፦ «ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ። የመቶ ሃያ የተማሪ ሸሚዝ ሥራ ይዣለሁ። ይቅናችሁ።»

አየሽ፣ ራስሽን አታሳንሺ።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ስለ ፔዳል ገመድ ለጠፍኩ። የዘወትሯ አልጻፈችም። መቶ ሃያ ሸሚዝ ቀላል ሥራ አይደለም፤ እጇ ተይዞ ነው።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

ጋሼ ከተመለሰ ሁለት ቀኑ። በሁለት ቀን ሰባት ሰው። የሕንፃው ጥበቃ «ከፎቅ ሰው ብትወረውሩ እንኳ ይህን ያህል ወሬኛ አይሰበሰብም» ብሎ ሲቀልድ ነበር፤ አቅጣጫ ማሳየት ሰልችቶት በካርቶን ላይ ቀስት ሠርቶ ደረጃው ላይ ለጥፎልናል። እግዜር ይስጠው። የሚመጣው ሁሉ «በብሎጉ ነው ያገኘኋችሁ» ይላል። ሰባቴ ሰማሁት፣ ሰባቴም ደስ አለኝ።

የሚገርመው፣ ከሰባቱ አምስቱ ክር አልወጠር ያላቸው ናቸው። ዘንድሮ የክር መወጠሪያ ዘመን ነው መሰል። ሁለተኛ ክፍል ልጻፍለት ስለው ጋሼ ብሎኖቹን ከአፉ አውጥቶ፣ «ስለ እሱ ተይ። ስለ ቺንጋ ጻፊ» አለኝ፤ መኪናውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ ማለቱ ነው። ብሎኑን አውጥቶ የሚናገረው ነገር ስንት ጊዜ ነው። እሺ አልኩ።

ሰኔ 28፣ ዓርብ

ጋሼ አንዳንዴ አልገባ ይለኛል። ክሩ አልወጠር ያለበትን ሰው ሁሉ «ይህቺ ትንሽ ናት» እያለ በነጻ ይሸኛል። አንዷን ለአንድ ሰዓት ሙሉ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ገጥሞ፣ «ትንሽ ናት»። እኔ ሰው በብሎግ እየጎተትኩ አመጣለሁ፣ እሱ በምርቃት ይመልሳል። ተነጫነጭኩበት። ብሎኑን ማጥበቁን ቀጠለ።

እትዬ ምሳ ይዛለት መጣች፤ የጋሼ ሚስት ናት። እኔ ከጀርባው ካለችው ክፍል ክር እየደረደርኩ ነበር። የሳንቃ ግድግዳ ምን ይደብቃል።

«ንገራት እንጂ። እስከ መቼ?»

«ተይ እስቲ። ደስ ብሏት እያየሽ።»

ስለ ፋብሪካው ነው። ወስኗል ማለት ነው፣ እኔ እንዳይከፋኝ ነው የደበቀኝ። ክሩን ደርድሬ ስጨርስ ቀለሙን ሁሉ አደባልቄው አገኘሁት።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ጋሼ ጠርሙሶቹ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ ስማቸውን ጽፎባቸዋል። ከአባታችን ጀምሮ የትኛው የቱ እንደሆነ በእጅ ልማድ ብቻ ሲታወቅ ኖሮ፣ ዛሬ ምን ታየው። ፊደሉ ጠማማ ነው፣ ከወንበሬ አይነበብም። አስቄበት አለፍኩ። ሱቁን ለሌላ ሰው ሊያስረክብ ነው እንዴ?

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ለጠፍኩ። የዘወትሯ ዛሬም የለችም። ሦስተኛ ሐሙስ። ታማ ይሆን? ሸሚዙ እስካሁን አያልቅም?

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ጋሼ ቺንጋ ሊገዛ ወርዷል። አንድ መጋረጃ ሰፊ መኪናውን ተሸክሞ ገባ። ክሩ እንዴት እንደሚሆንበት እየነገረኝ፣ «ሁለት ጠብታ ዘይት ብላችሁ የጻፋችሁትን እንኳ አድርጌ ነበር፤ ጭራሽ ባሰባት» አለ። ሰውየው አልተቆጣም። ወሬ እንደሚያወራ ነው የነገረኝ።

ተነስቼ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። አፈ ቀጭኗን ጠርሙስ አነሳኋት። ፕላስተሩ ላይ፦ አልኮል።

ሸተትኳት። አልኮል ናት።

የዘይት ጠርሙስ። ውስጧ አልኮል። ውሃ የመሰለ። ዘይቱም ውሃ ይመስላል።

ጋሼ ዘይት አላደረገም። ዘይት ሲያጥብ ነው የኖረው። እኔ ሰው ሁሉ ዘይት እንዲያደርግ ጻፍኩ።

ስንት ሰው አነበበው? ስንት ሰው ነው የላከው?

ሰውየውን «ይቀመጡ፣ አሁን ይመጣል» አልኩት። ድምፄ የደህና ሰው ድምፅ ነበር።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ለጋሼ አልነገርኩትም። ሙሉ ቀን ጀርባውን አየሁ። ፋብሪካ ሊገባ የተዘጋጀ ሰው ይህን ቢሰማ ለመቆየት የቀረችውን ሐሳቡንም ይተዋታል።

አንድ ነገር አደረግሁ። ጽሑፉን ከፍቼ ዘይት የሚለውን አልኮል አልኩት። ርዕሱንም። ሰባት ቦታ ነበር። ከዚያ ዘጋሁት። አሁን ትክክል ነው፤ ማንም ቢያነብ አይሳሳትም። መዝገብ ቤት እያለሁ ስንት ደብዳቤ ከተፈረመ በኋላ አርሜአለሁ። ማረም ያው ማረም ነው።

ይህን ሦስት ጊዜ ጻፍኩ መሰለኝ በዚህ ገጽ ላይ። ሁለቱን ሰርዤአቸዋለሁ።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ቺንጋ። ለጠፍኩ። ቸኮልኩ። የዘወትሯ የለችም።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

ስለ መኪናው መብራት። ለጠፍኩ። የለችም። አምስተኛ ሐሙስ።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

ይህን ቀን በደንብ ልጻፈው፣ ማምለጫ እንዳይኖረኝ።

ከምሳ በፊት ጥበቃው ሰማያዊ የስፌት መኪና በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ከኋላው አንዲት ቀጭን ሴት፣ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ደረጃው ትንፋሿን ቆራርጦባት። አዲስ መነጽር አድርጋለች፣ ገና አልለመደችውም፣ በየደቂቃው ወደ ላይ ትገፋዋለች። በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍራ ነው የመጣችው። ወንበር ሰጠኋት። ዙሪያውን አየች፤ መደርደሪያውን፣ መስኮቱን፣ የጋሼን ጀርባ። «ልክ እንደምትጽፉት ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሐሙስ ሐሙስ ይቅናችሁ የምላችሁ እኔ ነኝ» አለች።

ብድግ ብዬ አቀፍኳት። ከልቤ ነው ያቀፍኳት። ልለቃት ነበር፤ ልትናገር ያለችውን ነገር ግን እጄ ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል፣ ቶሎ አልለቀቅኳትም።

ይቅርታ ልትጠይቀን ነው የመጣችው።

«ሁለት ጠብታ ነበር ያላችሁት፣ እኔ ምናልባት ሦስት ሳላደርገው አልቀረሁም» አለች። «ክሩ መንሸራተት ጀመረ። ነጩ ሸሚዝ ላይ ዘይት ወጣ። ሠላሳ ሁለት ሸሚዝ ተበላሸብኝ። ከዚያ ደግሞ ምን እንዳጠፋሁ ልይ ብዬ ተመልሼ ሳነበው፣ ለካስ አልኮል ነው የሚለው። ዘይት የሚል የለበትም። እኔ ዘይት ብዬ ነው ያነበብኩት። ዓይኔ መድከሙን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ሄጄ መነጽር ገዛሁ። እናንተን ሰው ፊት እንዳላሳጣ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። የሰፈራችን ጠጋኝ ጣያት አለኝ፤ እኔ ግን እናንተ ሳታዩአት አልጥላትም አልኩ።»

መነጽሩን ወደ ላይ ገፋችው።

እኔ ምን አልኩ? ለሃያ ሁለት ዓመት የሌላ ሰው ቃል ስጽፍ ኖሬ የራሴን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። ጋሼ ዞረ። ጀርባው ዞረ ማለቴ ነው፣ ፊቱን አየሁት። እሷን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። ከዚያ መኪናዋን ተቀብሎ ፈታት፤ ክቦቹን አውጥቶ በአልኮል አጠበ፣ አደረቀ፣ ገጠመ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ሰፍቶ አሳያት። ሃያ አምስት ደቂቃ። አምስት ሳምንት ሙሉ ያስለቀሳት ነገር ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ትምህርት ቤቱ ግማሹን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥቶባታል፤ ግማሹን እስከ ነሐሴ አሥር ካደረሰች ይቀበሏታል። እትዬ ምሳዋን አበላቻት። እየመረቀችን ወረደች። በመስኮት አየኋት፣ መንገዱን ስትሻገር መነጽሯን ከፍ አድርጋ መብራቱን አየችው።

ከመስኮቱ ሳልመለስ ጋሼን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ ጠየቅሁት።

«በመጣሁ በሦስተኛው ቀን» አለ።

ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅሁት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ደስ ብሎሽ ነበር» አለ። «በዚያ ላይ ጠርሙሱ የኔ ነው። በዘይት ጠርሙስ አልኮል የሚያስቀምጥ ማነው? እየመጡ ስለሆነ እያጠብኩ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነው።»

«ያልመጡትስ?» አልኩት።

ከብሎኖቹ አንዱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። እኔም ቃሉን በስውር መቀየሬን ያኔ ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እሷን መነጽር ያስገዛት ይኸ ነዋ» ብቻ አለ።

ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

ስጽፍ ዋልኩ። ሰበብ እየገባበት አስቸገረኝ። «በጥድፊያ»፣ «ባለማወቅ»፣ «ከጠርሙሱ መመሳሰል የተነሳ»። መዝገብ ቤት ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ጥፋት ሠሪ የሌለበት ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ «ስህተት ተከስቷል» ይባላል፣ ማንም አልሠራውም። ሁሉንም ሰረዝኩ። ከዚያ ለጋሼ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስለ ጠርሙሱ እንድጽፍ ግድ አለኝ።

ጥበቃውም ደረጃው ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር። «ይህን ከለጠፋችሁ ቀስቴን ላንሳው?» አለ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ግን ከልቡ ነው የጠየቀው። ይቆይ አልኩት።

ሐምሌ 25፣ ሐሙስ

የለጠፍኩት ይኸው፣ ቃል በቃል፦

«ሰኔ አሥራ ሦስት በዚህ ብሎግ ላይ ክር መወጠሪያው ውስጥ ሁለት ጠብታ ዘይት አድርጉ ብዬ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሳልጠይቅ። ወንድሜ የሚጠቀመው አልኮል ነው፤ የሚያስቀምጠው በዘይት ጠርሙስ ስለነበረ ዘይት መሰለኝ። ስለ ጠርሙሱ እንድጽፍ ያዘዘኝ እሱ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ይኸኛው ነው፦ ሐምሌ አሥር ስህተቴን ሳውቅ ለማንም ሳልናገር ቃሉን ቀየርኩት። ያነበባችሁት ዘይት ነበር። ዓይናችሁ ደህና ነው። የተበላሸባችሁ ሁሉ መኪናችሁን አምጡ፣ ያለ ምንም ክፍያ ይታጠባል። መምጣት የማትችሉ፣ በቤታችሁ እንዴት እንደምታጥቡት ከታች አለ፤ ይህን ወንድሜ አይቶታል።»

«ዓይናችሁ ደህና ነው» የምትለዋን ስጽፍ አለቀስኩ። የተጻፈው ለሁሉም ነው፣ የታሰበው ለአንዲት ሴት ነው።

ከሰዓት፣ ትታልን በሄደችው ቁጥር ደወልኩላት። አነሳችው። «አንብቤዋለሁ» አለች። ለረጅም ጊዜ የመኪናዋ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማኝ፤ አላቆመችውም። «ሸሚዙን ልጨርስ» አለችና ዘጋችው።

ሐምሌ 29፣ ሰኞ

ማንም አልመጣም። ሐሙስ ከሰዓት ማንም፣ ዓርብ ማንም፣ ዛሬ ማንም። አስተያየቱ ግን ሞልቷል። አንዱ «የሰው እንጀራ ላይ ትቀልዳላችሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሌላዋ «ባትነግሩን ኖሮ አላውቅም ነበር» ትላለች፤ ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየሁትም። ለሁሉም መለስኩ። የሷ የለም።

ያም ሆኖ ዛሬ ጠዋት ስነሳ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ሄዷል። ለዚህ ተመስገን ማለት ይቻላል? እላለሁ።

ነሐሴ 1፣ ረቡዕ

ዛሬ አሥራ አንድ ሰው። አሥራ አንድ። ጥበቃው ቀስቱን በትልቁ ሠራው። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ የዘይት ናቸው፣ ጋሼ ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ። መጋረጃ ሰፊው በሰፈሩ ያሉ ሦስት ሰፊዎችን አስከትሎ መጣ። ተቆጥቶ የመጣ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ ቁጣው አልቆበት «ውሃ አለ?» ብሎ ገባ።

እትዬ ጨርቅ እያጠበችልን ሳለ ረቂቄን ለጋሼ ላንብብለት ስል ሳቀች። «እሱ እንደሆነ ነገ ማንበቡ አይቀርም» አለች። ጋሼ መቼ ያነባል ብላት፣ «ሐሙስ ሐሙስ የሚዘገየው ለምን ይመስልሻል? ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ቆሞ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ያነባል። ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ። ያኔማ ከኔ፣ ከሱና ከባለ ሸሚዟ በቀር የሚያነብልሽም አልነበረም» አለች።

ጋሼ ብሎን በአፉ እንደያዘ ነው። ጆሮው ግን ቀላ።

እኔ ሱቁን ያዳንኩለት መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ ተመልሼ አነበብኩ። ሰርዤ አላስተካክለውም፣ እንደዚያው ይቀመጥ።

ነሐሴ 9፣ ሐሙስ

ለጠፍኩ። የለችም።

ክራባት ያሠረው ሰው ተመልሶ መጣ። ክፍሉ በመኪናና በሰው ተጨናንቆ መቆሚያ አጣ። ከመምጣቱ በፊት ለጋሼ ነግሬው ነበር፤ በነጻ የምታጥበው ማብቂያ የለውም፣ ከፈለግህ ሂድ፣ እኔ አይከፋኝም፣ እንደ በፊቱ መስኮት ስር አልቀመጥም ብዬ። የመጨረሻዋ እውነት መሆኗን ስናገር ነው ያወቅሁት። ሰውየው መልሱን ሲጠይቀው ጋሼ ብሎኑን አውጥቶ ወደ እኔ በራሱ አመለከተ።

«ሐሙስ ሐሙስ እሷን ማን ሊያርማት?» አለው።

ሰውየው ምን እንደተባለ አልገባውም። ወርዶ ሄደ። እኔ ወደ ኋላ ክፍል ገብቼ ክር ደረደርኩ፣ ይህን ጊዜ በየቀለሙ።

ነሐሴ 15፣ ረቡዕ

አዲሱ ሥርዓታችን፦ ረቡዕ ከሰዓት ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ስህተት ካለ ጋሼ ብሎን መፍቻ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ያደርጋል። ዛሬ አራት ጊዜ ጠቅ አለ። ያለፈው ሳምንት ዘጠኝ ነበር። ከታች አንዲት መስመር ጨምረናል፣ ሁልጊዜ የምትኖር፦ «ያረምነው ነገር ካለ መቼና ምን እንደነበረ እዚሁ ይጻፋል።»

ሸሚዙን የምታስረክብበት ቀን ካለፈ አምስት ቀኑ። ደረሰላት? አልደወልኩም። መጠየቅ የኔ ድርሻ አይመስለኝም።

ነሐሴ 16፣ ሐሙስ

በሩን ሳልከፍት ነው የለጠፍኩት፣ ስለ ክር መወጠሪያ፣ ይህ ሁለተኛ ክፍል መሆኑ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ ቆሜ ወደ ታች ሳይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ የጋሼ ራስ ይታየኛል፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ። አልጠራሁትም።

ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ጽሑፉን አንብቦ ሳይጨርስ እሷ ቀድማዋለች።

«ስልሳውን አስረክቤአለሁ። የዛሬውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ በመነጽር፣ አንዴ ያለ መነጽር። ያው ነው። ይቅናችሁ።»